የአያቴ ግዝትና የእኔ ውሸት

«ሩጪ! ‹ፈትቻታለሁ ብለዋል› በያት! ውሃ ለመጠጣት እንኳ እንዳትቆሚ!»

ልጅ ሳለሁ ከተነገረኝ ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ ልቤን የሚያስሮጠው ይህ ነው። የተናገሩት አያቴ ቄስ አላምረው ነበሩ፤ ከላዩ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሮጫለሁ፤ በመንገድም አልቆምኩም። ግን የተላክሁትን ቃል እንዳለ አላደረስኩም። ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር ነበረች፤ ይኸን ሁሉ ዓመት ዕረፍት የነሣችኝም እሷ ናት።

የኛ ጎጥ ከገሳይ በላይ፣ ንፋስ የማያጣው ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። እናቴና እኔ የምንኖረው ከአያቴ ጋር ነበር፤ ቤት ውስጥ «አባባ» እንላቸዋለን። አባባ የሚያገለግሉት አንድ ደብር ብቻ አልነበረም። የታችኛዋ ማርያም የራሳችን አጥቢያ ናት፤ የላዩ ጊዮርጊስ ደግሞ አንደኛው ቄስ ካረፉ ወዲህ ቀዳሽ ስለጎደለው አባባ እየወጡ ይሞሉ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ዳገት ለጎልማሳ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። የንስሐ ልጆቻቸው ከግርጌ እስከ ጫፍ ተበትነዋል፤ አንዱ ቤቱን ጠበል እንዲረጩለት ይፈልጋቸዋል፣ አንዷ ለታመመች ልጇ ትጠራቸዋለች፣ ሌላው ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ ደም ሳይፈስ ይድረሱልኝ ይላል። አባባ ለማንም «አልችልም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እመጣለሁ።»

ማታ ማታ ተረት ይነግሩን ነበር። የጎረቤት ልጆችም ይመጣሉ፤ የኩበት ጭስ ዐይናችንን እያቃጠለን፣ ፍሙ ዳር ተጠጋግተን እንቀመጣለን። እሳቸው ግን ተቀምጠው አያውቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከኩራዙ ብርሃን ትንሽ ፈንጠር ብለው ቆመው ነበር የሚተርቱት፤ አፋቸው እኛ ዘንድ ሆኖ ጆሯቸው ግን ውጭ ነበር። ጅቡና አህያዋ ገና ክርክር ሲጀምሩ ከማዶ ሸንተረር ድምፅ ይመጣል፤ «ኧረ ቄሴ! ቄስ አላምረው!» ያኔ ተረቱ እዚያው ላይ ይቆረጣል። ጋቢያቸውን እያጣፉ ይወጣሉ፤ እኛ አህያዋ ትዳን ትበላ ሳናውቅ እንቀራለን። ልጅነቴ መጨረሻቸው በጠፋ ተረቶች የተሞላ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ጊዜ እናቴ «አባቴ፣ ምነው ትንሽ ቢያርፉ፤ እግርዎ እኮ አበጠ» ስትላቸው ሳቅ ብለው፣ «ሰው ሲወለድ ይጠራኛል፣ ሲጣላ ይጠራኛል፣ ሲሞት ይጠራኛል። ሲስቅ የጠራኝ ግን እስካሁን የለም። እሱን እየጠበቅሁ ነው» አሉ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር።

ከቤታችን አጠገብ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ከመካከላቸው ያለው አጥር ብቻ ነው። በአንዱ እትዬ የሺ ከባላቸው ጋር ይኖራሉ። እትዬ የሺ አዋላጅ ነበሩ፤ እኔንም ጨምሮ የጎጡን ግማሽ ልጅ የተቀበሉት በእሳቸው እጅ ነው፤ የራሳቸው ልጅ ግን አልነበራቸውም። በሌላው ቤት ሙሉ የምትባል ምላሷ የፈጠነ ወጣት ሚስት ነበረች፤ ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጠቡ የተነሣው በጎመን ነው። የእትዬ የሺ በግ አጥር ሾልካ የሙሉን ጎመን በላችው፤ ሙሉ በድንጋይ መትታ እግሯን ሰበረቻት። ከዚያ ሁለቱ አጥሩን መሐል አድርገው ተሰዳደቡ።

«ጎመን ለበላች በግ እግር ይሰበራል? አንቺ ልብ የለሽ!»

«የራስዎ እምቢ ሲልዎት የሰው ልጅ እያዋለዱ ይኖራሉ! አሁን ደግሞ በግዎትን እንደ ልጅ ሊያስቆጥሩብኝ ነው?»

እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀንሽ ይደርሳል፤ ያኔ በስሜ ትጮሂያለሽ» አሉ። ሙሉም ሆዷን ይዛ «ትረግመኛለች! ስሙልኝ፣ ያልተወለደ ልጄን ትረግማለች!» እያለች አገሩን አናወጠችው። ድንጋይ መነሣት ጀምሮ ነበር።

ልክ በዚያ ሰዓት አባባ ከቀብር ሲመለሱ ደረሱ። ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ ሌላ ቦታም ይጠበቃሉ። ተቀምጦ ለመስማት ጊዜ አልነበራቸውም። የእጅ መስቀላቸውን አንሥተው በመካከል ቆሙና ጮኹ፤ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ! እኔ መጥቼ እስካስታርቃችሁ ድረስ አንዳችሁ የአንዳችሁን ደጅ ብትረግጡ ገዝቻችኋለሁ! እሑድ እመጣለሁ።»

ሁለቱም የያዙትን ድንጋይ ጣሉ። ግዝት ሲባል በኛ አገር ቀልድ የለም፤ ቄስ በሥላሴ ስም ያሰረውን ያው ያሰረው ካልፈታው፣ የሚጥሰው ሰው በነፍሱ ነው የሚጫወተው። አባባም ይህን ያውቃሉ። ግን እሑድ የላዩ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ተጠሩ። በሁለተኛው እሑድ የማዶ ሰው አረፈ። በሦስተኛው ሁለት ወንድማማቾች ለመተራረድ ጦር ተማዝዘዋል ተባለና ወደዚያ ሮጡ። የሁለቱ ሴቶች ነገር ስድብ ነው፣ ይቆያል አሉ መሰለኝ። ማታ ከኩራዙ ዳር ቆመው ተረት ሲጀምሩ አንዳንድ ጊዜ ድንገት ያቋርጡና «የነየሺን ነገር…» ብለው ለራሳቸው ያጉረመርሙ ነበር። ከዚያ ከማዶ ሰው ይጠራቸዋል።

ያ የሮጥኩበት ቀን በነቢያት ጾም ውስጥ ነበር፤ የገሳይ ገበያ ነው፣ ደግሞም የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል። ከፊሉ ሰው ወደ ገበያ፣ ከፊሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጎጡ ባዶ ሆነ። የሙሉ ባል አህያውን ጭኖ ገና በጠዋት ወርዷል። እናቴም ገበያ ናት። እኔን የተወችኝ የገብስ ስጥ ከዶሮ እንድጠብቅ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከሙሉ ቤት የሰማሁት ድምፅ መጀመሪያ የሰው አልመሰለኝም።

እትዬ የሺ ከእኔ በፊት ሰምተዋል። አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አንቺ የቄሱ ልጅ! ነይ እስቲ። ግቢና እያት። የሽርት ውሃዋ ፈሷል?»

ገባሁ። ሙሉ መሬት ላይ ተንበርክካ ምሰሶውን አቅፋለች፤ ሥሯ ረጥቧል። ወጥቼ ነገርኳቸው።

«ምጡ በየስንት ጊዜ ነው የሚመጣባት? ተይ እሱን፣ አታውቂውም። በጎኗ አስተኚያት! ትራስ ከእግሯ መሐል! አትግፊ በያት!»

እየተመላለስኩ ከአጥሩ እስከ ምሰሶው ቃል አመላልሳለሁ። መጀመሪያ ሙሉ ጥርሷን ነክሳ «ያቺ ሴትዮ እንዳትመጣብኝ» አለች። ሌላ ምጥ መጣባት። ከዚያ ጎጡ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «የሺ! የሺዬ! ድረሽልኝ!» ብላ ጮኸች።

እትዬ የሺ ግንባራቸውን አጥሩ ላይ አሳረፉ። «ሰማሽኝ ልጄ? ግዝት አለብኝ። አያትሽ እግሬን አስረውታል። ካልፈቱኝ አልገባም። ሩጪ ጊዮርጊስ ውጪ፤ ‹ይፍቱኝ› ብላለች በያቸው። ሩጪ!»

ስጡን ለዶሮ ትቼ ሮጥኩ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ደማ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ቅዳሴው ገና መሐል ላይ ነበር፤ ዜማው በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል፤ ከድምፆቹ መካከል የአባባን ድምፅ ለየሁት። ከቅጥሩ ሥር የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ቀሚሴን ይዘው አስቆሙኝ።

«ወዴት ነው?»

«አባባን ልጥራ። ሴት እየሞተች ነው።»

«መቅደስ ገብተዋል ልጄ። የገባ ቄስ ቅዳሴው ሳያልቅ አይወጣም። መድኃኔ ዓለም ራሱ ቢጠራው እዚያው ውስጥ ነው የሚያገኘው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቁሚና ጸልዪ» አሉኝ። ቆምኩ፤ ጸሎት ግን አልመጣልኝም። የማስበው አጥሩን የያዙትን የእትዬ የሺን እጆች ነበር። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ቆሜ አላውቅም። የራሴን ልጅ ሳምጥ እንኳ እንደዚያ አልረዘመብኝም። በመጨረሻ «እትዉ በሰላም» ተብሎ ሕዝቡ ሲበተን በሰው እግር መሐል ሾልኬ የአባባን ልብስ ጫፍ ያዝኩ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ ፍርሃት ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ኀፍረት እንደነበረ ዐውቃለሁ። «ሩጪ!» አሉኝ፤ መጀመሪያ ላይ እንደጻፍኩት።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ስደርስ አጥሩ ሁለት ክንድ ያህል ተነቅሎ ወድቋል። እትዬ የሺ አጥሩ ጋ የሉም። ከሙሉ ቤት የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

ገባሁ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በደም ተነክሮ ተቀምጠዋል። ሙሉ ገርጥታለች፤ ግን ዐይኗ ይንቀሳቀሳል። በኋላ ሰው እንደነገረኝ ሕፃኗ በእግሯ ነበር የመጣች፤ ትንሽ ቢዘገይ ሁለቱም አልነበሩም። እትዬ የሺ ግን ስለዚያ አላወሩኝም።

«ፈቱኝ?»

«አዎ። ፈትተውዎታል።»

«መቼ?»

ሕፃኗን ለማየት ጎንበስ አልኩ።

«መቼ ነው የምልሽ! እኔ አጥሩን ነቅዬ ስገባ ፀሐይ የማዶው ኮሶ ዛፍ ጫፍ ላይ ነበረች። ያኔ ተፈትቼ ነበር፣ ወይስ ታስሬ ነው የገባሁት?»

ፀሐይ ኮሶው ጫፍ ላይ በነበረችበት ሰዓት እኔ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሜ ነበር። አባባ መቅደስ ውስጥ ነበሩ። በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ። ግን እትዬ የሺ እነዚያን ሁሉን የሚያውቁ እጆቻቸውን እንደ ለማኝ ዘርግተው አፍ አፌን ያያሉ። እኔም እንዲህ አልኩ፤

«ከዚያ በፊት ነው የፈቱዎት። ፀሐይዋ ገና ኮሶው ጋ አልደረሰችም ነበር።»

«ታዲያ ምን አቆየሽ?»

«ወደቅሁ።» ጉልበቴን አሳየኋቸው። ደሙ እውነተኛ ነበር።

እትዬ የሺ ወደ ግድግዳው ተደግፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። እንግዲያ ተፈትቼ ነው የገባሁ።» እንደዚያ ያለ ቅለት በሰው ፊት ላይ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የሰጠሁትም እኔ ነበርኩ። ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ።

አባባ እየተንገዳገዱ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ደረሱ። እትዬ የሺ ከደጃፉ ላይ ተቀብለው መስቀላቸውን ተሳለሙ። «አባቴ፣ ፀሐይ ኮሶው ጋ ሳትደርስ ስለፈቱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነፍሴን አዳኑልኝ።» አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ እሳቸው ያደረጉትን ማንም አልጠበቀም፤ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ አዋላጇ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ይቅር በይኝ። አስሬ የሄድኩ እኔ ነኝ።»

«ኧረ በሞትኩት! አባቴ ምን ነካዎት! ይነሡ! ኧረ ሰው ይየኝ!» እትዬ የሺ በደም እጃቸው ሊያነሷቸው ፈርተው ዙሪያቸውን ይዞራሉ። ሙሉ ከተኛችበት በደከመ ድምፅ፣ «እትዬ የሺ፣ ቄሱን ደጄ ላይ አያንበርክኩብኝ፤ ነገ ደግሞ ሰው ‹በሙሉ ቤት ቄስ ወደቀ› ይላል» አለች። እትዬ የሺ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ እየሳቁ አለቀሱ። ሙሉም «በግዎትንም ያምጧት፤ የቀረውን ጎመን ትጨርሰው» አለቻቸው። ዕርቁ ያለ ሽማግሌ እንዲህ አለቀ። የተነቀለው አጥርም እንደተነቀለ ቀርቶ መተላለፊያ ሆነ።

በዚያ ማታ ልጆች ሲሰበሰቡ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠው ተረቱ። አንድ ባሕታዊ ነበሩ አሉ፤ ጸሎት በጀመሩ ቁጥር የጎረቤት አውራ ዶሮ ይጮህባቸዋል። አንድ ቀን ተናደዱና «እስክመለስ ድረስ ብትጮህ ገዝቼሃለሁ!» ብለው መንገድ ሄዱ፤ በሄዱበትም ቆዩ። ዶሮው ዝም ሲል አገሩ ንጋቱን የሚለይበት አጣ። ገበሬው ሳይጠምድ ይረፍድበታል፣ ካህኑ ኪዳን ሳያደርስ ይነጋበታል። ባሕታዊው ሲመለሱ ደንግጠው «በል ፈትቼሃለሁ፣ ጩህ!» ቢሉት፣ ዶሮው አንገቱን ዘርግቶ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። አጯጯሁን ረስቶታል። ታዲያ ምን ያድርጉ? ቆባቸውን አጥብቀው፣ ቆጡ ላይ ወጥተው ከዶሮው ጎን ተቀመጡና «ኩኩሉ! ኩኩሉ!» እያሉ ሲያስተምሩት ኖሩ። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ከማዶ የጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ተረቱ እስከ መጨረሻው ደረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆስኩ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር።

ልጆቹ ሲሄዱ አባባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ዐመዱ መሐል የቀረችው ፍም ብቻ ፊታቸውን ታበራለች።

«ፀሐይ ኮሶው ጋ ሳትደርስ እኔ መቅደስ ውስጥ ነበርኩ» አሉ።

«አዎ።»

«ልታሳርፊያት ብለሽ ነው። ገብቶኛል። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ፤ የኔ ይብሳል። አንቺ አታስቢ። እሑድ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ።»

እሑድ መጣ፤ አለፈ። ብዙ እሑዶች አለፉ። እትዬ የሺ የሙሉን ልጅ ክርስትና አነሡ፤ ልጅ ያልነበራቸው ሴትዮ የክርስትና ልጅ አዝለው በተነቀለው አጥር ሲወጡና ሲገቡ ዘፈናቸው ከቤታችን ይሰማል። አባባ ሊነግሯቸው እየሄዱ፣ ሳይነግሯቸው ይመለሱ ነበር። «ዛሬም ደስ ብሏት አገኘኋት» ይሉኛል፤ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው። አንድ ጊዜ «በየቅዳሴው ስሟን አነሣለሁ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከመንገድ ገብተው እግራቸውን ሳይታጠቡ፣ «ሌላውን ሰው ‹ነገ አትበል፣ ሞት ቀን አይቆጥርም› እያልኩ አናዝዛለሁ፤ የራሴን ነገ ግን አልጨረስኩትም» አሉ። ከዶሮው ተረት ማታ ወዲህ ማንንም ሲገዝቱ አልሰማሁም። ሰው ሲጣላ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ቢመሽባቸውም፣ ሌላ ቦታ ቢጠበቁም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ እናቴ ታመመችና ትምህርቴን አቋረጥኩ። በዚያው ዓመት አባባም አረፉ። በመጨረሻው ቀን አልጋቸው አጠገብ ሆኜ እጃቸውን ይዤ ሳለሁ «የሺን…» ብለው ጀመሩ። ሰዎች ገቡ፤ ካህናቱም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። እኔም ተዳርኩና ወደ ደብረ ታቦር መጣሁ። ወደ ጎጣችን ስመላለስ በእትዬ የሺ ደጅ ማለፍ እንዳይኖርብኝ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። በደህናው ቀን ያለ ምክንያት ተነሥቼ በር ላይ እቆማለሁ፤ ባለቤቴ «ምን ጠፋሽ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ።

ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ የአጥቢያችን ወጣት ቄስ «አንቺስ? ከልጅሽ ጋር አትቆርቢም?» አሉኝ። «እኔ ገና ነኝ» አልኩ። ልጄ ቆረበች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አዝያት ገሳይ በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። ባለቤቴ «ላንዲት የጥንት ነገር ይኸን ሁሉ ጎዳና?» አለኝ። ከገሳይ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፤ በታችኛው መንገድ።

እትዬ የሺ አርጅተዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ቆራቢም ሆነዋል። ዐይናቸውን አጨንቁረው አዩኝ።

«ማን ናት?»

«የቄስ አላምረው የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ውይ! ያቺ ሯጯ! ምነው እንዲህ ጠፋሽ? ግቢ፣ ግቢ፤ ሕፃኗን አምጫት።» ልጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካኩ፤ ጆሮዋን ጎተት አደረጉት። «ጆሮዋ የአያትሽ ነው። የሰው ጩኸት ሁሉ ይሰማታል፤ ወዮላት። የት ወለድሻት?»

«ደብረ ታቦር፣ ሐኪም ቤት።»

«ደግ አደረግሽ። ዛሬ እኔን የሚጠራኝ የለም፤ መኪና ነው የሚጠሩት። ይሻላል፤ እንቅልፌን እጠግባለሁ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ደጀ ሰላሙን፣ እማሆይን፣ መቅደሱን፣ ፀሐይዋ በእውነት የት እንደነበረች፣ አባባ እንዴት ዐውቀው ዝም እንዳሉ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ የሺ ልጄን ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ስለዚህ ታስሬ ነው የገባሁት።»

«አዎ።»

«አያትሽም ያውቁ ነበር።»

«ያውቁ ነበር። ሊነግሩዎት ብዙ ጊዜ መጥተው…»

«ተይ!» አሉ። ድምፃቸው ያኔ አጥሩ ጋ እንደነበረው ሆነ። «ሁለታችሁም እንደ ሕፃን አባበላችሁኝ። እኔ አጥሩን ስነቅል ምን ያልኩ ይመስልሻል? ‹ነፍሴ ትሂድ፤ ይህች ልጅ ግን አትሞትም› ብዬ ነው የገባሁት። እያወቅሁ! አንቀጥቅጦኛል፤ ግን ገብቻለሁ። በዕድሜዬ ለእግዚአብሔር ‹ይኸን አደረግሁ› ብዬ የምነግረው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ጥፋቴም እሱ ነው፣ ሥራዬም እሱ ነው። አንቺ መጥተሽ ‹ተፈትተዋል› ስትይኝ ወሰድሽብኝ። ያን ያህል ዓመት የጎመኑን ስድብ ብቻ ስናዘዝ ኖርኩ!»

 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ ማለት ፈለግሁ፤ ግን አሁን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይደለሁም፤ ደግሞም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በላይኛው መንገድ ዞሬያለሁ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ግድግዳውን አዩ። ልጄ ታለቅሳለች፤ አጠባኋት።  ይቅር አልኩሽ አላሉም፤ ውጪልኝም አላሉም። በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «በእግሯ ነበር የመጣች» አሉ፤ «ቀኝ ተረከዟን ነው መጀመሪያ የያዝኩት።» ይህን ለእኔ የነገሩኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ነጠላቸውን ከማገሩ ላይ ሳቡ።

«የማርያሙ ቄስ ማታ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሳይወጣ እንድረስበት።»

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለሁለታችንም ነዋ! እኔ የገባሁትን እነግረዋለሁ፤ አንቺ ያልሽኝን ትነግሪዋለሽ። ደሞ እሑድ ድረስ ይቆይ ብትይኝ በዚህ ዱላ ነው የምልሽ።»

ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ በሩ ቀረቡና በእግራቸው መሬቱን እየዳበሱ ቆሙ። ልጄን ጀርባዬ ላይ አዘልኩ። ጎንበስ ብዬ የጎማ ጫማቸውን ከደጃፉ አነሣሁ፤ በውስጡ የገባውን ገለባ አራግፌ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሬ እግራቸው ሥር አኖርኩላቸው።